መጠጥ ያሸነፈውን ሰው ነውር አይመልሰውም
ለጉባኤያትና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

በመካነ ኢየሱስ፣ በጋይንትና በስማዳ በኩል ለሥራ የምንመላለስ ሁሉ፣ የአንዳንድ ሰው ስም በተነሣ ቁጥር «ሰካራሙ» የሚል ቅጽል ሲጨመርበት እንሰማለን። ይህ ስም አንድ ጊዜ ከወጣለት በኋላ ሰውየው ገበሬ፣ አባትና ጎረቤት መሆኑ ይረሳና መጠጡ ብቻ ይወራለታል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ስሙ በሰውየው አእምሮና ኑሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ነው። አሳባችንም በአጭሩ ይህ ነው፤ ነውር ሰውን ከመጠጥ አያርቀውም፤ የሚያርቀው ከሚረዱት ሰዎች ነው።

1ኛ/ የጋበዝነውን መልሰን እንነቅፈዋለን

በአገራችን መጠጥ የአብሮነት ኑሮ ክፍል ነው። ጠላ ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለማኅበርና ለደቦ ይጠመቃል። በጎንደር በኩል ቆረፌም አለ። አረቄ ደግሞ ከሁሉም የበረታ ነው። እንግዳው «በቃኝ» ቢል «በሞቴ» እየተባለ ይደገምለታል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ቅዳሜ «በሞቴ» ብሎ ያስጠጣው ጎረቤት፣ ሰኞ «ይህ ሰካራም» ብሎ ያልፈዋል።

ሱሰኛ እሆናለሁ ብሎ መጠጥ የሚጀምር ሰው የለም። ዘወትር ብዙ የሚጠጣ ሰው ግን ሰውነቱና አንጎሉ መጠጡን እየለመደ ሄዶ፣ ያለ እርሱ መረጋጋት ከማይችልበት ደረጃ ይደርሳል። የዓለም የጤና ድርጅትም የመጠጥ ሱስን ከሚታከሙ የጤና ችግሮች ጋር ይመድበዋል። ይህን ስንል ጠጪው ለሚያደርሰው ጥፋት ኃላፊነት የለበትም ማለታችን አይደለም። ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ሊገታ፣ እርሷና ልጆቿም ሊጠበቁ ይገባል። ነገር ግን ጥፋትን መገሠጽ አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ማዋረድ ሌላ ነው።

2ኛ/ ነውር የሚጎዳበት መንገድ

ነውር በሦስት በኩል ይጎዳል። መጀመሪያ፣ ሰዎች ያርቁታል፤ ብድር ይከለክሉታል፤ ለደቦ አይጠሩትም፤ በሸንጎ ቃሉን አይሰሙትም። ሁለተኛ፣ እርሱ ራሱ የተባለውን አምኖ «እኔ እንደሆንሁ የማልረባ ነኝ» ይላል። ሦስተኛ፣ ቤተሰቡ ልጆቹ «የሰካራም ልጅ» እንዳይባሉ ሲል ችግሩን ይሸሽጋል።

ከሦስቱ የሚብሰው ሁለተኛው ነው። ራሱን የናቀ ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ ይተክዛል፤ ትካዜውን ለመርሳት ይጠጣል፤ በጠጣ ቁጥር ያፍራል፤ ባፈረ ቁጥር ይጠጣል። መጠጥ ለጊዜው ጭንቀትን የሚያስረሳ ቢመስልም ውሎ አድሮ ድባቴን ያባብሳል፤ ራስን የማጥፋትንም አደጋ ይጨምራል።

ይህ ከግምት የተነገረ ብቻ አይደለም። በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ በ1,500 ጎልማሶች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። አጠጣጣቸው የጤና ችግር የሆነባቸው ከመቶ 14 ያህል ነበሩ፤ ከወንዶቹ ብቻ ከመቶ 26፣ ከሴቶቹ ከመቶ 2 ያህል ማለት ነው። ከነዚህ ባለ ችግሮች ርዳታ የፈለጉት ከመቶ 13ቱ ብቻ ሲሆኑ፣ ከመቶ 70ዎቹ በራሳቸው ላይ ብርቱ የነውር ስሜት እንዳለባቸው ተገኝቷል። ርዳታ ካልፈለጉበት ምክንያት መካከል «በራሴ እወጣዋለሁ» ማለትና ወዴት እንደሚኬድ አለማወቅ ይገኙበታል። ሶዶም እንደኛው አገር የገበሬ አገር ነው።

ቤተሰብን በሚመለከት፣ በቡታጅራ አካባቢ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች 178 ዘመዶች ጠይቆ ነበር። ከአራቱ ሦስቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንዳለባቸው ተናግረዋል፤ ከመቶ 37ቱም ሕመሙን መሸሸግ ፈልገዋል። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህ ነው።

ለሴት ደግሞ ነውሩ ይከብዳል። አረቄ አውጥታ የምትሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ ልጆቿን የምታሳድገውም በዚያው ነው። መጠጡ እርሷን ራሷን ቢያሸንፋት ለማን ትናገራለች? የሴቶቹ ቁጥር ማነሱን ስናይ በየጓዳው የተሸሸገውንም እናስብ።

3ኛ/ በድንገት ማቆም አደገኛ ሊሆን ይችላል

በነውር ተገፍቶ «ከዛሬ ጀምሮ አልቀምስም» ብሎ ብቻውን ቤቱን የሚዘጋ ሰው አለ። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ ለኖረ ሰው ይህ አደጋ አለው። ካቆመ ከሰዓታት በኋላ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ ያስመልሰዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ግራ የሚጋባ፣ የሌለ ነገር የሚያይና የሚሰማ አለ። ይህ ተራ ዞረ ድምር አይደለም፤ ሳይታከም ቢቀር ሊገድል ይችላል። ጎረቤት ግን «ክፉ መንፈስ ያዘው» ወይም «አበደ» ብሎ ሌላ ነውር ይጨምርበታል። ሕክምናው ግን የታወቀ ነው፤ በባለሙያ ክትትል ዲያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1 ይሰጠዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው አስቀድሞ ከጤና ባለሙያ ጋር ሳይመክር በአንድ ጊዜ እንዲያቆም አናስገድደው። ጸሎት የሚደረግለትም ቢሆን ሕክምናው አይቅርበት።

4ኛ/ ምን እናድርግ?

ሀ/ ስሙን እንመልስለት። በጉባኤ፣ በስብሰባና በመዝገባችን ላይ «ሰካራም» አንበል፤ በስሙ እንጥራው።

ለ/ በግብዣ «በሞቴ» ማለትን እንተው። ለማይጠጣ ሰው ብርዝ ወይም ቡና ሳይጠየቅ ይቅረብለት።

ሐ/ ለብቻው፣ በሰከነበት ሰዓት እናነጋግረው። ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደ ሆነ በግልጽ እንጠይቀው። መጠየቁ አሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲያውም ሸክሙን ያቀልለታል። አስቦ ከሆነ ብቻውን አንተወው፤ ሳንዘገይ ወደ ሕክምና እንውሰደው።

መ/ «ሂድና ታከም» ብለን አንሸኘው፤ አብረነው እንሂድ። ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሲባል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር የሚታሰበው። ዛሬ ግን በክልል ሆስፒታሎችም ይሰጣል። አስቀድመን በአቅራቢያችን ያለውን ጤና ጣቢያ እንጠይቅ፤ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር መላክ ካስፈለገም መንገዱ ክፍት መሆኑን እናጣራ።

ሠ/ ሚስቱንና ልጆቹን እንጎብኝ። የእነርሱን ሸክም የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ረ/ ተመልሶ ቢጠጣ አንደነቅ። ይህ በብዙዎች የሚደርስ ነው። በሩን የዘጋንበት ቀን ግን እንደገና የሚሞክርበትን ምክንያት እንወስድበታለን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በመንደራችን «ሰካራም» የምንለው ሰው ከዚህ ስም በፊት በምን ይታወቅ ነበር?
2. በግብዣችን ላይ መጠጥ እምቢ ለማለት የሚያስቸግረው ምንድን ነው? ማን ሊያቀለው ይችላል?
3. ከመካከላችን አንድ ሰው ነገ ርዳታ ቢፈልግ ወዴት፣ ከማን ጋር እንደሚሄድ እናውቃለን?