ልጁ የጥርስ ሐኪም እሆናለሁ ካለ፦ 75 ከ95 የሚበልጥበት ሒሳብ



አንዲት እናት በቅርቡ የዕብራይስጥ ወረቀት ይዘው ቢሮዬ መጡ። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን አንብቢልኝ። ፈርሜባታለሁ፣ ነገ ይመልሳታል፤ ግን ምን እንደምትል አላውቅም» አሉኝ። ወረቀቷ የምትለው፣ 10ኛ ክፍል የሚማረው የልጅ ልጃቸው በሒሳብ ከ5 ይሒዶት ወደ 3 ይሒዶት እንዲወርድ ቤተሰቡ ተስማምቷል ነው። እሳቸው ደስ ብሏቸዋል። «በአምስቱ 75 ነው ያመጣው፤ በሦስቱ 95 ታመጣለህ ብለውታል» አሉኝ። ልጁ ደግሞ ከትንሽነቱ ጀምሮ የጥርስ ሐኪም እሆናለሁ የሚል ነው።

እኔ ያን ቀን የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ። ይሒዶት ማለት አንድ ትምህርት በምን ያህል ጥልቀት እንደተማሩት የሚለካበት ደረጃ ነው። የሒሳብ ባግሩት በ3፣ በ4 ወይም በ5 ይሒዶት ይወሰዳል። ዩኒቨርሲቲ የልጁን አማካይ ውጤት ሲያሰላ በ5 ይሒዶት ሒሳብ ቢያንስ 60 ላመጣ 35 ነጥብ ቦነስ ይጨምርለታል። ለ4ቱ የሚጨመረው በጣም ያነሰ ነው፤ ለ3ቱ ምንም የለም። እንግዲህ አስቡት፦ በ5ቱ 75 ያመጣ ልጅ 110 ተብሎ ይቆጠርለታል፣ በ3ቱ 95 ያመጣው ግን ያው 95 ነው። በቤት ውስጥ እልል የሚባልለት ቁጥር፣ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ያንሳል ማለት ነው።

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ሌላ ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። እዚያ አብዛኛው ተማሪ መጀመሪያ 4 ዓመት ኮሌጅ ይማራል፤ ባዮሎጂ፣ ጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከነላቦራቶሪያቸው ይወስዳል፣ ይፈተናል፣ ከዚያ የጥርስ ሕክምናውን ሌላ 4 ዓመት ይማራል። እዚህ እስራኤል ግን በኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲና በሃዳሳ፣ ወይም በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ፣ ትምህርቱ በቀጥታ የሚጀመር የ6 ዓመት ትምህርት ነው። የመጀመሪያው 3 ዓመት ሳይንስ ነው፤ ቀጣዩ 3 ዓመት ክሊኒክ ውስጥ በሽተኛ እያከሙ ነው። ስለዚህ አሜሪካዊው በኮሌጅ የሚጥለውን መሠረት የእኛ ልጅ በ10ኛ፣ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ይጥለዋል። ጊዜው አጭር ነው፣ ልጁም ገና ልጅ ነው። ለዚህ ነው የእናንተ ፊርማ ከባድ የሚሆነው።

ከሒሳብ ቀጥሎ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በ5 ይሒዶት ቢይዝ ጥሩ ነው። «ጥርስ ለመንቀል ኬሚስትሪ ምን ያደርጋል?» ብለው የጠየቁኝ አባት አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስኳር ስንበላ አፋችን ውስጥ ያሉ ጀርሞች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱ ደግሞ የጥርሱን ጠንካራ ነጭ ሽፋን ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ይሄ ኬሚስትሪ ነው። ማደንዘዣውም፣ የተቦረቦረ ጥርስ የሚሞላበትም ነገር እንዲሁ። ራጁ ደግሞ ፊዚክስ ነው።

ከባግሩቱ ሌላ ፕሲኮሜትሪ የሚባለው ፈተና አለ፤ ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ይሰጣል። ለጥርስ ሕክምና ከፍ ያለ ውጤት ይጠየቃል፣ ብዙ ወር መዘጋጀት ይፈልጋል። ብዙዎቹ ከሠራዊት በኋላ ስለሚፈተኑ አሁን አትጨነቁበት።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልበል። የእኔም እናት እንዲህ ያለ ወረቀት ፈርማልኛለች። ሥራዬን እወደዋለሁ፣ አልከፋኝም፤ ግን የተዘጋ በር እንዳለ ያወቅሁት ከሠራዊት ስወጣ ነው። እናቴ ማንን ትጠይቅ ነበር?

ልጃችሁ ትምህርት ቤት ጨርሶ ከሆነ በሩ ጭራሽ አልተዘጋም። ባግሩቱን ማሻሻል ወይም መኺና መግባት ይችላል። ከሠራዊት ሲወጣ የሚያገኘው ፒካዶን ለዚህ ሊውል ይችላል፤ ለሌላ ነገር ከመዋሉ በፊት ተነጋገሩበት። በዩኒቨርሲቲ ሌላ የሳይንስ ዲግሪ የጀመረም ካለ፣ ትምህርቶቹን በተራ ይያዛቸው፦ ጠቅላላ ኬሚስትሪ ሳይገባው ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አይገባውም፣ ያ ሳይገባው ባዮኬሚስትሪ ይከብደዋል። ሦስቱን በአንድ ሴሚስተር ላጭቅ ካለ ተው በሉት። ዲግሪው ብቻውንም የጥርስ ሕክምናን በር አይከፍትም፤ ምን ምን እንደሚቆጠርለት ከመጀመሩ በፊት ከዩኒቨርሲቲው መዝጋቢ ክፍል በጽሑፍ ይጠይቅ።

ትምህርት ቤት ስትሄዱ አትፈሩ። ዮዔጼቷን «ለምን ከ5 ወደ 3 ይወርዳል፣ 4 የለም ወይ?» በሏት። «ከመውረዱ በፊት ምን እርዳታ ተሰጠው?» በሏት። «ቢወርድ ተመልሶ መውጣት ይችላል ወይ?» ብላችሁም ጠይቁ፤ መውረድ ቀላል ነው፣ መውጣት ግን ያመለጠውን ሁሉ ማካካስ ነው። ልጁን ራሱ አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ስለ ራሱ ነው የሚወራው። ከእኛ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

በእርግጥ 5 ይሒዶት ለሁሉም ልጅ አይሆንም። ሌሊት የሚያለቅስ፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ካለ 4ቱ ይበቃል፤ ጤናው ይቀድማል። ግን ይሄ ተመክሮበት የሚወሰን ነገር እንጂ በልጅ ቦርሳ መጥቶ በማግሥቱ የሚመለስ ወረቀት መሆን የለበትም።

እኚያን እናት ለምን የጥርስ ሐኪም እንዲሆን እንደሚፈልጉ ጠይቄአቸው ነበር። «አፌን ከፍቼ ተኝቼ የቱ ጋ እንደሚያመኝ በዕብራይስጥ መናገር አልችልም፤ እሱ ቢሆን በአማርኛ ይገባዋል» አሉኝ።

ወረቀቷን አልመለሷትም። አብረን ሄደን አነጋገርን። ልጁ እስከ ፋሲካ በ5ቱ እንዲቆይ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ እንዲያስጠኑት ተስማሙ። ኬሚስትሪ መማሩን ግን ገና አልወሰነም። ጓደኞቹ ሌላ ትምህርት መርጠዋል፤ እሳቸውም አሁን በስልክ የሚጠይቁኝ ስለዚያ ነው።