ቅኔና የግእዝ ሰዋስው፦ የዓለማየሁ ሞገስ ሙግት

በ1966 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ፣ ዓለማየሁ ሞገስ ቅኔ ያልታከለበት የግእዝና የአማርኛ ጥናት ጎዶሎ ነው ሲሉ ተሟገቱ። ሙግቱ የሚነካው አውሮፓ ውስጥ የጸናውን ስልት ነው። አውግስት ዲልማን በ1857 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የግእዝ ሰዋስው ዋና ምንጩ የብራና መጻሕፍት ንባብ ነበር፤ በቅኔ ቤት ግን ግሥና አገባብ የሚጠናው ተማሪው ራሱ ቅኔ እንዲቈጥር ነው።

ልዩነቱ በዘርፍ አያያዝ ጎልቶ ይታያል። ስንዴ ሰም፣ ክርስቶስ ወርቅ ቢሆኑ ባለቅኔው ሁለቱን አናቦ «የክርስቶስ ስንዴ» ይላል፤ አንዱ ግሥ ለሁለቱም ይሠራል። የቅኔ ተማሪ ስንዴውም ክርስቶስ መሆኑን ያውቃል። ሰዋስው ብቻ የያዘ አንባቢ ግን ስንዴውን የክርስቶስ ንብረት አድርጎ ይተረጕምና ወርቁን ያጣል። (ዜና መዋዕል ለሚያነብ ይህ እምብዛም አያሰጋም፤ የዓለማየሁ ሙግት የሚበረታው በግጥም ላይ ነው።)

ሁለተኛው ጉዳይ የማስረጃ ነው። ዋሸራንና ጎንጅን ባፈራው ጎጃም ተማሪው የቈጠረውን ባለ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል፤ በማግስቱ ሌላ አዲስ ይጠበቅበታል። አብዛኛው ብራና ላይ አይሰፍርም። ስለዚህ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ወዳሉ ቅኔ ቤቶች ለመስክ ጥናት የሚወርድ ተመራማሪ፣ ከተቃናው ቅኔ ይልቅ የተሰበረውንና የታረመበትን ምክንያት ቢመዘግብ ይበልጥ ይጠቀማል፤ የአገባቡ ሕግ በግልጽ የሚነገረው በእርማቱ ሰዓት ነውና።