የማይቀልጥ አይብ፦ ከመጥበሻ ላይ የተነሣ ጥያቄ

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ የመጣው ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከወጥ ቤት ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ ፎርማጆ በስንት ዲግሪ ይቀልጣል? በየዓመቱ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻችንን ይህን ስንጠይቅ እጁን ያወጣ ሁሉ ቁጥር ይጠራል። አንዱ 40 ሲል ሌላው 100 ይላል፤ ጥቂቶች ደግሞ ‹‹እንደ ፎርማጆው ዓይነት ነው›› ብለው ያመልጣሉ። ጥያቄውን ራሱን የሚጠራጠር ግን እምብዛም አይገኝም። እኛም በጊዜያችን አልተጠራጠርንም፤ በዚህም ሳቢያ አንድ ምሽት እራታችንን አቃጥለናል።

ለዶክትሬት ትምህርት በአሜሪካ በቆየንባቸው ዓመታት ከመኖሪያችን ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ነበረች። በዚያ አገር ‹‹ግሪልድ ቺዝ›› የሚባለውን ሳንዱች መጀመሪያ የቀመስነው በእርሷ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሁለት ቁራጭ ዳቦ ውጫዊ ገጽ ቅቤ ይቀባል፣ በመካከላቸው ፎርማጆ ይገባል፣ ከዚያም በመጥበሻ ላይ በሁለቱም ወገን ቡናማ እስኪሆን ይጠበሳል። የቤቲቱ ባለሙያ ግን በመሐሉ ሰናፍጭና በአቼቶ የተዘፈዘፈ ኪያር ትጨምርበት ነበር። ኮምጣጣው ጣዕም የቅቤውንና የፎርማጆውን ስብ ከምላስ ላይ ጠርጎ የሚወስደው ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ኮምጣጣ ያልገባበትን መብላት አቃተን።

አንድ የበረዶ ምሽት አገር ቤት በናፈቀን ጊዜ ‹‹ይህን ሳንዱች በአይብ ብንሠራውስ?›› የሚል ሐሳብ መጣልን። ኮምጣጣነቱም ከአይቡ ይገኛል አልን። እርጎ ረግቶ፣ ተንጦ፣ አሬራ እስኪገኝ ለመጠበቅ ትዕግሥቱ ስላልነበረን ወተት አፍልተን ሎሚ ጨመቅንበት፤ ተቆራርጦ አጓቱ ሲለይ በጨርቅ አጥልለን በዳቦው መካከል አደረግነው። ዳቦው ቡናማ ሆነ፤ አይቡ ግን እንደገባ ነው። አብሮን ይኖር የነበረ የኬሚስትሪ ተማሪ ‹‹ለምን አልቀለጠም?›› ሲል ጠየቀን። ‹‹ሙቀት አንሶት ነው›› አልነውና እሳቱን ጨመርን። ዳቦው ጠቆረ፣ ክፍሉ ጢስ ሞላው፣ የአደጋ ደወሉም ጮኸ። አይቡ ግን ከመቅለጥ ይልቅ ውኃውን ተፍቶ ፈረፈረ። ቴርሞዳይናሚክስ ተምረን፣ ለሌሎችም መልመጃ እያረምን፣ የሰጠነው መልስ በሁለት በኩል ስሕተት ነበር። አንደኛው ስሕተት ስለ ዳቦው ነው፤ ሁለተኛውና ከባዱ ስለ አይቡ።

ሙቀት በዳቦ ውስጥ

ከመጥበሻው የሚነሣው ሙቀት ወደ ፎርማጆው ለመድረስ ዳቦውን መሻገር አለበት። ዳቦ ደግሞ በአየር ከረጢቶች የተሞላ በመሆኑ መንገዱ አዝጋሚ ነው። የመጠነ ሙቀት ለውጥ በአንድ ቁስ ውስጥ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚስፋፋ የሚገልጸው ቁጥር ለብረት በሰከንድ 23 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ለዳቦ ወደ 0.2 ይጠጋል፤ ልዩነቱ ከ100 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ለመሻገር የሚወስደውን ጊዜ ለመገመት ውፍረቱን በራሱ አባዝተን ለዚህ ቁጥር እናካፍላለን። ዳቦው 10 ሚሊ ሜትር ቢወፍር 100 ለ0.2 ሲካፈል 500 ሰከንድ፣ ማለትም ከ8 ደቂቃ በላይ ይሆናል። 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን 125 ሰከንድ ይበቃል። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ጊዜው ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው። ስሌቱ በእርግጥ ሻካራ ነው፤ በተግባር ፎርማጆው ይህ ጊዜ ሳይሞላ መለስለስ ይጀምራል። የካሬው ሕግ ግን አይናወጥም።

በዚህ መካከል የዳቦው ውጫዊ ገጽ የራሱን ሥራ ይሠራል። ዳቦው እርጥብ እስከሆነ ድረስ መጠነ ሙቀቱ ከውኃ መፍያ ነጥብ ብዙም አያልፍም፤ ይህም በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በአዲስ አበባ ከፍታ 92 ያህል ነው። ከመጥበሻው የሚመጣው ሙቀት የሚጠፋው ውኃውን ወደ እንፋሎት በመለወጥ ነው። አንድ ግራም ውኃ ለማትነን 2,260 ጁል ያህል ይጠይቃል፤ ያንኑ ውኃ ከ20 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ ግን 300 ጁል ይበቃል። ገጹ ከደረቀ በኋላ መጠነ ሙቀቱ በፍጥነት ይወጣል፤ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋም በስኳሮችና በአሚኖ አሲዶች መካከል የሚካሄደው፣ ቡናማውን ቀለምና መዓዛውን የሚሰጠው አጸግብሮት ይፋጠናል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ስለሆነ በስሙ ይጠራል። ከዚያ በላይ ሲኬድ የሚገኘው ከሰል ነው።

እንግዲህ በመጥበሻው ላይ ሁለት ሰዓቶች ይቆጥራሉ ብንል ያስኬዳል፦ የዳቦው ገጽ የሚቃጠልበትና ሙቀቱ ፎርማጆው ዘንድ የሚደርስበት። እሳት ስንጨምር የመጀመሪያውን እጅግ እናፈጥነዋለን፤ ሁለተኛው ግን በዚያው ልክ አይፈጥንም፤ እሳት 0.2 የሚለውን ቁጥር አይለውጠውምና። ስለሆነም ዳቦው ስስ፣ እሳቱ ዝግ ያለ ይሁን። መጥበሻው ላይ ክዳን ቢደፋበት ደግሞ ከዳቦው የወጣው እንፋሎት ከላይ ሆኖ የላይኛውን ቁራጭ ያሞቃል፤ ለማትነን የወሰደውን ሙቀት ወደ ውኃ ሲመለስ ይሰጣልና።

መቅለጥ ስንል

የዳቦውን ስሕተት እሳት በመቀነስ ማረም ይቻላል። አይቡ ግን እሳቱ ቢበረታም ቢዝልም አልቀለጠም። እዚህ ላይ ‹‹መቅለጥ›› የሚለውን ቃል ራሱን መመርመር ያሻል። በረዶ በመደበኛ የአየር ግፊት በ0 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከዚያ በታች ጠጣር፣ ከዚያ በላይ ፈሳሽ ነው። ፎርማጆ እንዲህ ያለ ነጥብ የለውም፤ ምክንያቱም አንድ ንጥረ ነገር አይደለም። በውስጡ ያለው ስብ 40 ዲግሪ ሳይደርስ ይቀልጣል፤ በሞቃት ቀን ውጭ የዋለ ፎርማጆ የሚያልበውም ለዚህ ነው። ቅርጹን አጥብቆ የያዘው ግን ኬዚን የተባለው የወተት ፕሮቲን የሠራው መረብ ነው። ፎርማጆው የሚፈሰው ይህ መረብ ሲላላና ክሮቹ አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት ሲጀምሩ ነው፤ ለብዙዎቹ ከፊል ጠንካራ ፎርማጆዎች ይህ በ60ዎቹ ዲግሪዎች አካባቢ ይሆናል። እውነተኛው ጥያቄ ታዲያ ‹‹በስንት ዲግሪ?›› ሳይሆን ‹‹ክሮቹን ምን አያያዛቸው?›› የሚለው ነው።

በወተት ውስጥ ኬዚን የሚገኘው የአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺህኛ ያህል ስፋት ባላቸው ጥቃቅን እንክብሎች ሆኖ ነው። እንክብሎቹን ከውስጥ የሚያጣብቃቸው የካልሲየምና የፎስፌት ውሕድ ነው፤ ሲሚንቶ እንበለው። የትኩስ ወተት ፒኤች 6.6 ያህል ነው። አሲድ ሲጨመር፣ ወይም ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ሲለውጡ፣ ፒኤቹ እየወረደ ሲሚንቶው ቀስ በቀስ ይሟሟል። ፒኤቹ ከ5.0 እስከ 5.4 ባለው ክልል ሲደርስ የሲሚንቶው መጠን ልክ ነው፤ መረቡን ለመያዝ ይበቃል፣ ሲሞቅ እንዳይላላ ለማድረግ ግን አይበቃም። ሞዛሬላና ቼዳር በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው፤ መቅለጣቸውም ከዚህ ይመጣል።

ፒኤቹ ከዚህ ወርዶ 4.6 ሲደርስ ሌላ ነገር ይፈጠራል። በዚህ ነጥብ የኬዚን አዎንታዊና አሉታዊ ሙሎች ይመጣጠናሉ። ቀድሞ በአሉታዊ ሙል ይገፋፉ የነበሩት ፕሮቲኖች አሁን የሚያራርቃቸው ስለሌለ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ይጓጉላሉ። ሲሞቁ መጣበቃቸው ይበልጥ ይጠነክራል፤ በመካከላቸው ያለውንም ውኃ ጨምቀው ያወጣሉ። በመጥበሻችን ላይ ያየነው ይህንኑ ነው። በእኛ አይብ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት ነበር፤ ወተቱን ስላፈላነው የአጓቱ ፕሮቲኖችም ቅርጻቸው ተለውጦ ከኬዚኑ ጋር ተቋልፈዋል። ከአሬራ የሚወጣው ያገራችን አይብም፣ የህንዶቹ ፓኒርም ሲሞቁ የማይፈሱት በአሲድና በሙቀት ስለተሠሩ ነው። ከ5.2 ወደ 4.6 መውረድ የሃይድሮጅን አዮን ክምችትን በአራት እጥፍ ብቻ ይጨምራል። በሚፈስና በማይፈስ ፎርማጆ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ጠባብ ነው።

ሎሚው ሁለት ሥራ አለው

እስካሁን ካልነው ተነሥቶ አንባቢ ‹‹እንግዲያው ኮምጣጣ ነገር የፎርማጆ ጠላት ነው›› ሊል ይችላል። ነገር ግን ስዊዞች ፎርማጆ በድስት አቅልጠው ዳቦ እያጠቀሱ ሲበሉ ኮምጠጥ ያለ ነጭ የወይን ጠጅ ይጨምሩበታል፤ አንዳንዴም ሎሚ ጠብ ያደርጉበታል፤ ፎርማጆውም ከመጓጎል ይልቅ ይለሰልሳል። ይህ እንዴት ይሆናል?

ምሥጢሩ አሲድ ሁለት ክፍል ያለው መሆኑ ላይ ነው። ኮምጣጣነትን የሚሰጠው ሃይድሮጅን አዮን አንዱ ሲሆን፣ እርሱ ሲለይ የሚቀረው አሉታዊ አዮን ሌላው ነው። የሎሚው ሲትሬት ይባላል፤ ካልሲየምን አጥብቆ የመያዝ ባሕርይ አለው። ሲትሬት ሲሚንቶውን ከመረቡ ስቦ ሲወስድ ክሮቹ ይፈታሉ፤ የተፈቱትም ውኃንና ስብን አዋሕደው ይይዛሉ። የወይን ጠጁ ታርታሪክ አሲድም ተመሳሳይ ሥራ አለው። በአቼቶ ውስጥ ያለው አሴቴት ግን ካልሲየምን የሚይዘው በደካማው ነው፤ ስለዚህ አቼቶ ኮምጣጣነቱን እንጂ ይህን ጥቅም አይሰጥም።

ይህን በተግባር ያዋሉት ዋልተር ገርበርና ፍሪትዝ ሽቴትለር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1911 ቱን በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ የሎሚውን አሲድ ጨው፣ ሶዲየም ሲትሬትን፣ ከፎርማጆ ጋር አሙቀው ሳይበላሽ የሚቆይ ፎርማጆ ሠሩ። በአሜሪካ ጄምስ ክራፍት በራሱ ዘዴ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1916 ፓተንት አገኘ። ያቺ ምግብ ቤት ትጠቀምበት የነበረው፣ በስስ ላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠው ቢጫ ቁራጭ የዚህ ሥራ ዘር ነው። ጣዕሙን አናደንቅም፤ አቀላለጡን ግን ማድነቅ ግድ ነው።

ሙከራው

ይህን ለማየት ፋብሪካ አያስፈልግም። በፍስክ ቀን 3 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ በትንሽ ድስት ይደረግ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሚሆን ቤኪንግ ሶዳ (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ በውስጡ ሌላ አሲድና ስታርች አለና) በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርበት። አረፋው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አረፋው ሲቆም ሃይድሮጅን አዮኖቹ በአብዛኛው ተወግደው ሲትሬቱ ቀርቷል። የኬሚስትሪ ተማሪዎች በስሌት ሊያረጋግጡት ይችላሉ፦ ሎሚ ከክብደቱ 5 ከመቶ ያህል ሲትሪክ አሲድ ይዟል፤ አንድ ሞል ሲትሪክ አሲድ ደግሞ ሦስት ሞል ሶዳ ይፈልጋል። ከዚያም ድስቱ በዝግ እሳት ላይ ሞቅ ብሎ 100 ግራም የተፈገፈገ ፎርማጆ እየተማሰለ ይግባበት። ፎርማጆው ሳይጓጉል፣ ስቡም ሳይለይ፣ እንደ ወፍራም አጥሚት ይሆናል። ሲበርድ ይረጋል፤ በቢላዋም ይቆረጣል። ለማነጻጸር በሌላ ድስት ሶዳ ያልገባበት ሎሚ በተመሳሳይ መጠን ከፎርማጆ ጋር ቢሞከር ልዩነቱን በዓይን ማየት ይቻላል፤ በተለይ ሎሚው በበዛ ቁጥር።

አሁን ሳንዱቹን እንሥራ። የረጋው ፎርማጆ ከ1 ሳንቲ ሜትር በማይበልጡ ሁለት ቁራጭ ዳቦዎች መካከል ይግባ፤ ውጫቸው የገበታ ቅቤ ይቀባና በዝግ እሳት፣ ክዳን ተደፍቶ፣ በእያንዳንዱ ወገን ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይጠበስ። በመጨረሻው ደቂቃ ክዳኑ ይነሣ፤ አለበለዚያ እንፋሎቱ የዳቦውን ገጽ መልሶ ያርሰዋል።

ሎሚው ግን ኮምጣጣነቱን በሶዳው አጥቷል፤ የቀረው ጨዋማ ጣዕም ነው። ስለዚህ የሚኮመጥጠው ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ ለዚህም ሰናፍጭ አለን። የሰናፍጭ የሚሰነፍጥ ኃይል በፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሳይሆን ፍሬው ተፈጭቶ በውኃ ሲለወስ በኢንዛይም አማካይነት የሚፈጠር፣ በቀላሉ የሚተን ውሕድ ነው። በመጥበሻ ላይ አብሮ ከቆየ የሚሰነፍጠው ወጥ ቤቱን ነው፤ ሳንዱቹ ባዶውን ይቀራል። ሳንዱቹ ከእሳት ከወረደ በኋላ ዳቦው ይከፈትና ሰናፍጩ ጥቂት ሎሚ ጠብ ተደርጎበት ይቀባል።

በቤታችን አይቡንም አልተውነውም። ሰናፍጩ ከተቀባ በኋላ፣ ፎርማጆው ገና እየፈሰሰ ሳለ፣ አንድ ማንኪያ ቀዝቃዛ አይብ በላዩ እናደርግና ዳቦውን መልሰን እንገጥመዋለን።