አባባን ዋስ ከማድረግሽ በፊት

ቆይ፣ «ተቀብያለሁ» የሚለውን ገና አትጫኚው። ገጹን ወደ ላይ መልሺውና የፋይናንሻል ኤይድ ደብዳቤውን አብረን እናንብብ። ደስታሽን ላደፈርስ አይደለም። ሌሊት አይሲዩ ውስጥ እየሠራሽ፣ ቀን እያጠናሽ፣ ለማደንዘዣ ነርስነት ዶክትሬት መግባትሽ ሁላችንንም አኩርቶናል። ግን በእጅሽ ያለው የሒሳብ ወረቀትም ነው፤ ሒሳቡ ደግሞ ካንቺ በፊት የገቡት ልጆች ከሚያውቁት ተለውጧል።

እዚህ ጋ እዪ። የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 71,000 ዶላር ይላል፤ ትምህርቱ፣ መጽሐፉ፣ ኢንሹራንሱ፣ የቤት ኪራዩ ተደምሮ። ከሥሩ የፌደራል ብድር 20,500። ከዚያ ዝቅ ብሎ በደቃቁ «ቀሪው ከሌሎች የገንዘብ ምንጮች የሚሸፈን» የሚል አለ። ያቺ መስመር 50,500 ዶላር ናት። በሦስት ዓመት 151,500። ትምህርት ቤቱ ይህን ደምሮ አልጻፈልሽም፤ አንቺ ደምሪውና እዚሁ ጥግ ላይ በትልቁ ጻፊው።

አብራሽ የምትሠራዋ ልጅ «አይዞሽ፣ ቀሪውን ግራድ ፕላስ ይሞላዋል» ብላሻለች። ለሷ እውነት ነው። ግራድ ፕላስ የሚሉት የፌደራል ብድር ከ2006 ጀምሮ ትምህርት ቤቱ የተመነውን ወጪ፣ ሌላው እርዳታ ተቀንሶ፣ እስከ መጨረሻው ያበድር ነበር። በጁላይ 4 ቀን 2025 ፕሬዝዳንት ትራምፕ የፈረሙት ትልቁ የታክስና የበጀት ሕግ ግን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ዘጋው። እሷ ከዚያ ቀን በፊት ትምህርቷን ጀምራ፣ ለዚያው ትምህርት የፌደራል ብድር ወስዳ ስለነበር ቢበዛ ሦስት ዓመት፣ ትምህርቷ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነም እስኪያልቅ፣ በአሮጌው ደንብ ትቀጥላለች። ፕሮግራም ልቀይር ካለችሽ መጀመሪያ ትጠይቅ በያት፤ መብቱ የተሰጣት ለጀመረችው ትምህርት ነው።

አንቺ የምትገቢው በአዲሱ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ከኮሌጅ በላይ የሚማር ሰው ከሁለት አንዱ ነው። «ግራጁዌት» የተባለው በዓመት 20,500፣ በድምሩ 100,000 ዶላር ይበደራል። «ፕሮፌሽናል» የተባለው በዓመት 50,000፣ በድምሩ 200,000። የኮሌጁ ብድር ተጨምሮ ደግሞ ማንም በዕድሜው ከ257,500 ዶላር አያልፍም። ፕሮፌሽናል ማን ነው ካልሽ፣ ሕጉ የተመረኮዘበት የቆየ ደንብ በስም የሚጠራቸው ሐኪሙ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ፋርማሲስቱ፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ የሕግ ተማሪው፣ ካይሮፕራክተሩ፣ የነገረ መለኮት ተማሪው አሉ። ነርስ የለችም።

ይህ ያናድደኛል፤ አልደብቅሽም። በሽተኛው ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ እስትንፋሱን የምትጠብቅለት ሰው ሙያተኛ ካልተባለች ማን ሊባል ነው? የፌደራሉ የትምህርት መምሪያ አብዛኞቹ የነርስ ተማሪዎች ከብድሩ ጣሪያ በታች ነው የሚበደሩት ሲል ይከራከራል። ሊሆን ይችላል፤ አብዛኞቹ ግን እየሠሩ የሚማሩ ናቸው። የአንቺ ትምህርት ሦስት ዓመት ሙሉ ከሥራ ያስወጣል። የጣሪያው ደጋፊዎች የሚሉትም ፍሬ የለውም አልልም፤ ገደብ የሌለው ብድር ትምህርት ቤቶቹ ያለ ሐሳብ ዋጋ እንዲጨምሩ አድርጓል የሚሉት ነገር አለ። ግን ትምህርት ቤቱ ዋጋውን እስኪቀንስ ድረስ ክፍተቱን የሚሸከመው ሀብታም አባት የሌለው ተማሪ ነው። ነርስነት ይጨመር የሚል ረቂቅ ኮንግረስ ውስጥ ቀርቧል። ረቂቅ ነውና እሱን ተስፋ አድርገሽ እንዳትፈርሚ።

አሁን ወደ ፈራሁት ነገር ልምጣ። ያንን 151,500 ዶላር ለመሙላት የግል አበዳሪ ጋ ትሄጃለሽ። እሱ ክሬዲትሽን ያይና «ዋስ አምጪ» ይልሻል። ዋሱ ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አባባ ወረቀቱን ሳያነቡ «ልጄ፣ የት ጋ ነው የምፈርመው?» ነው የሚሉት። ስድሳ ዓመት አልፏቸው ከኤርፖርት ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ ሰው፣ ቤታቸው ገና ተከፍሎ ያላለቀ፣ አገር ቤት ለእነ አክስቴ በየወሩ የሚልኩ ሰው። እምቢ ማለት አይችሉም፤ ይሉኝታው አያስችላቸውም፣ ፍቅሩም አያስችላቸውም። ስለዚህ እምቢ የማለቱ ነገር ያንቺ ድርሻ ነው።

እዚህ አገር ዋስ መሆን እኛ እንደምናውቀው የምስክርነት ያህል አይደለም። ኮሳይን ያደረገ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ባለዕዳ ነው። ብድሩ በሳቸው ክሬዲት ላይም ይጻፋል፤ አንድ ወር ካለፈሽ ስልኩ የሚደወለው ለሳቸውም ነው፤ ቤቱን ሪፋይናንስ ላድርግ ቢሉ ያ ዕዳ ይቆጠርባቸዋል። ሂሳቡን ልንገርሽ፦ 151,500 ዶላር በ9 በመቶ ወለድ በ10 ዓመት ይከፈል ቢባል በወር 1,900 ዶላር ገደማ ነው፣ በድምሩ ከ230,000 በላይ። ይህም በትምህርት ላይ ሳለሽ የሚጠራቀመውን ወለድ ሳይጨምር ነው። አዎ፣ ስትመረቂ ደህና ደመወዝ ይኖርሻል። ግን መመረቅሽ፣ ቦርዱን ማለፍሽ፣ ጤናሽ፣ ሁሉም ሳይጎድል መሟላት አለበት፤ አንዱ ቢጎድል የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

የፌደራሉ ብድርም ርካሽ ነው አላልኩሽም። ለማስተርስና ለዶክትሬት ተማሪ መንግሥት ወለዱን የሚሸፍንበት ብድር ከ2012 ወዲህ የለም፤ ከወሰድሽበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። በ2025–26 የትምህርት ዓመት ተመኑ 7.94 በመቶ ነበር፤ በዚያ ሒሳብ 20,500 ዶላር በዓመት 1,600 ዶላር ገደማ ይወልዳል። ገና ሳይደርስሽም ከመቶ ከአንድ ትንሽ ከፍ የሚል ክፍያ ተቆርጦበት ነው የሚገባልሽ። ግን ወጥመድ ውስጥ ብትገቢ መውጫ አለው። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለሚወሰድ ብድር ሁለት የአከፋፈል መንገዶች አሉ፤ አንደኛው በየወሩ ቋሚ ነው፣ ሁለተኛው ራፕ የሚሉት በገቢሽ ልክ ነው። በራፕ በታክስ ወረቀትሽ ላይ ያለው ገቢሽ 80,000 ከሆነ 7 በመቶው ይታሰባል፣ በወር 467 ዶላር ገደማ፤ በሥርሽ ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ 50 ዶላር ይቀነሳል። ከ100,000 በላይ ስታገኚ 10 በመቶ ይሆናል። በሰዓቱ እስከከፈልሽ ድረስ ክፍያሽ ያልሸፈነው ወለድ ይሰረዛል። ትርፍ አልባ ሆስፒታል ወይም የመንግሥት ተቋም ውስጥ ከሠራሽ ደግሞ ከ120 ክፍያ በኋላ የቀረው ይቀርልሻል። እግዜር አያምጣውና ሞት ቢመጣ የፌደራሉ ዕዳ አብሮ ይሰረዛል። የግል አበዳሪ ከነዚህ አብዛኛውን አይሰጥሽም፤ አንዴ በግል የወሰድሽውንም ወደ ፌደራል መመለሻ የለም።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂጂ እልሻለሁ። የፌደራሉን 20,500 ሙሉውን ውሰጂ። ግሪን ካርድ ስላለሽ መብትሽ ነው፤ ከኮሌጅ በላይ ስለሆንሽም ፋፍሳ በሚሉት የፌደራል እርዳታ ማመልከቻ ላይ የአባባ ታክስ አይጠየቅም፣ አታስቸግሪያቸው። ቀጥሎ የስቴቱን ዩኒቨርሲቲ ኢንተርቪው አትሰርዢ። የሜሪላንድ ነዋሪ ነሽ፤ የነዋሪ ዋጋና የዚህ ደብዳቤ ዋጋ ጎን ለጎን ሳይታይ የትምህርት ቤት ስም አያታልልሽ። ሆስፒታልሽንም ጠይቂ፤ ቀጣሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነፃ ለትምህርት መስጠት ይችላል፣ አንዳንዱ ሆስፒታል ደግሞ ተመርቀሽ እኛ ጋ ሥሪ ብሎ ከዚያ በላይ ይከፍላል። ውሉ ላይ «ቀድማ ከለቀቀች» የሚለውን አንቀጽ ሁለቴ አንብቢ። ነርስ ኮር የሚባለው የፌደራል ፕሮግራም የሰው ኃይል እጥረት ባለበት ተቋም ሁለት ዓመት ላገለገለች ከነርስነት ትምህርት ብድሯ 60 በመቶውን ይከፍላል፤ ውድድር ነውና ግን በእጄ ነው ብለሽ አትቁጠሪው። አንድ ዓመት አዘግይተሽ ሰርተሽ ብታጠራቅሚም ውርደት የለበትም።

ግማሽ ቀን እየሠራሁ ልማር ካልሽም አስቢበት፤ በአዲሱ ሕግ ከሙሉ ጊዜ በታች ለሚማር ብድሩም በዚያው መጠን ይቀነሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ክፍተቱ ትንሽ ከቀረ፣ ትንሿን በራስሽ ስም፣ በቋሚ ወለድ ፈልጊ። ያለ ዋስ አይሆንም ካሉሽ ዋሱ ከስንት ክፍያ በኋላ ነፃ እንደሚወጣ በጽሑፍ ይስጡሽ። በቃል የነገሩሽን አትመኚው።

አሁን ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ኢሜይል እንጻፍ፤ እኔ እላለሁ አንቺ ጻፊ። «የሦስቱን ዓመት ጠቅላላ ወጪ በዓመት በዓመት ላኩልኝ። ተቋሙ ራሱ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ወይም ረዳትነት ለዚህ ፕሮግራም አለ ወይ? ግራድ ፕላስ ከቀረ ወዲህ ሌሎች ተማሪዎች ክፍተቱን በምን እየሞሉ ነው? የቦታ ማስያዣ ክፍያውን ቀን በሁለት ሳምንት ማራዘም ይቻላል?» ቀኑን አናራዝምም ካሉሽ ያቺ ማስያዣ ብትቀር ትቅር።

አባባን እኔ አነጋግራቸዋለሁ። ከቅዳሴ መልስ ቤት ሲመጡ፣ አንቺ ሳትኖሪ ይሻላል፤ ፊትሽን ካዩ እሺ ነው የሚሉት።