የአየር ኮምፕሬሰር ለቤት ወርክሾፕ፦ ምን ያህል አየር? ምን ያህል ኃይል?

ጎማ ለመንፋት ወይም ቀለም ለመርጨት በግቢው ትንሽ ወርክሾፕ ያቋቋመ ሰው ኮምፕሬሰር ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው የቋቱን ትልቅነት ነው። ይሁን እንጂ ቋት አየር ያጠራቅማል እንጂ አያመነጭም። በዚህ ጽሑፍ ትክክለኛው ምርጫ በምን ላይ እንደሚመሠረት በቀላል ስሌት እንመለከታለን።

ቋቱ ለምን ያህል ጊዜ ያገለግላል?

በቦይል ሕግ መሠረት የሙቀት መጠን ካልተለወጠ የአንድ ጋዝ ግፊትና ይዘት ብዜት ቋሚ ነው። ባለ 50 ሊትር ቋት ግፊቱ ከ8 ወደ 6 ባር ሲወርድ የሚሰጠን አየር በ1 ባር ግፊት ቢለካ 2 × 50 = 100 ሊትር ይሆናል። በደቂቃ 150 ሊትር የሚፈልግ የቀለም መርጫ ይህን በ40 ሴኮንድ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ሥራው የሚቀጥለው ኮምፕሬሰሩ በየደቂቃው በሚያመነጨው አየር ብቻ ነው።

የከፍታ ተጽዕኖ

በመሣሪያው ላይ የሚጻፈው መጠን በአብዛኛው በባሕር ጠለል ግፊት የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የከባቢ አየሯ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፒስተኑ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው ይዘት ባይለወጥም የአየሩ መጠነ ቁስ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ በደቂቃ 200 ሊትር የተባለው ኮምፕሬሰር በዚህ ከተማ የሚሰጠው አገልግሎት የ150 ሊትር ያህል ነው፤ ለቀለም መርጫችን ምንም ትርፍ አይኖረውም። በመሆኑም ከፍ ያለውን መምረጥ ይገባል።

ሞተሩና የኤሌክትሪክ መስመሩ

ባለ 1.5 ኪሎዋት (2 የፈረስ ጉልበት) ባለ አንድ ፌዝ ሞተር በ220 ቮልት ሲሠራ 10 አምፔር ገደማ ይስባል። ሲነሣ ግን ለአጭር ጊዜ 50 አምፔር ሊደርስ ይችላል። ወርክሾፑ ከቆጣሪው 30 ሜትር ቢርቅና መስመሩ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ቢሆን፣ የደርሶ መልሱ 60 ሜትር ሬዚስታንስ 0.7 ኦም ይሆናል፤ በመስመሩ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅም 35 ቮልት ነው። የሞተሩ የማዞር ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። መነሣት ያቃተው ሞተር ከፍተኛውን ከረንት መሳቡን ስለሚቀጥል ጥቅልሉ ግሎ ሊቃጠል ይችላል። በ4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ግን የሚጠፋው 13 ቮልት ብቻ ነው።

ጥንቃቄ

አየር ሲታመቅና ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እርጥበት ውኃ ሆኖ በቋቱ ሥር ይጠራቀማል። በየዕለቱ ካልፈሰሰ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል፤ የዛገ ቋት ደግሞ በግፊት ሊፈነዳ ይችላል። የደኅንነት ቫልቩም በፍጹም መደፈን የለበትም።

እንግዲህ አስቀድመን መሣሪያችን በደቂቃ የሚፈልገውን አየር እንወቅ፤ ቀጥሎ ከፍታውን እናስላ፤ በመጨረሻም ሽቦውን እንመርምር። የቋቱ ትልቅነት ከነዚህ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።