ሻዶው ፋይልና የምንጭ ምስጢር

እንደሚታወቀው ጋዜጠኛ የምንጩን ስም መጠበቅ አለበት። እኔ ግን ምንጬን ላጋልጥ የነበረው በአፌ ሳይሆን በኮምፒውተር ነው።

ቃለ መጠይቆቼ ያሉት ከጓደኞቼ ጋር በምንጋራው፣ እኔ በማስተዳድረው የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ነው። በሊኑክስ የፋይል ፈቃድ በሦስት አሃዝ ይጻፋል፤ ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለሌላው ሁሉ። 4 ማንበብ፣ 2 መጻፍ ነው። የተጠቃሚዎች ስም ያለበት ‹‹ፓስወድ›› ፋይል 644 ነው፤ ፕሮግራሞች ስም ስለሚፈልጉበት ሁሉም ያነበዋል። የይለፍ ቃላት ግን ተለውጠው፣ ሀሽ ሆነው የሚቀመጡት ‹‹ሻዶው›› ውስጥ ነው። እሱ በኡቡንቱ 640 ነው፤ ለሌላው ሰው 0።

አንድ ቀን የሆነ ፕሮግራም እምቢ ሲለኝ ሻዶውን 644 አደረግኩት። ጓደኛዬ አይቶ ‹‹ምን ነካሽ?›› አለኝ። ለካ ሀሹን የቀዳ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በፕሮግራም እየገመተ ደካማውን የይለፍ ቃል ያገኘዋል፤ ከዚያ የኔን ፋይሎች መክፈት ነው!

ወዲያው 640 አድርጌ መለስኩት። ግን ‹‹ካፍ ከወጣ አፋፍ›› ነውና ማን እንደቀዳው አይታወቅም። ስለዚህ ሁላችንም የይለፍ ቃላችንን ቀየርን። ውድ አንባቢያን፣ በሩን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ክፍት ከቆየ ቁልፉም መቀየር አለበት።