ነጋዴ ሊያውቃቸው የሚገባ የኮምፒዩተር አስተዳደር ቃላት

ዛሬ ወደ አንድ አስመጪ ወይም ላኪ ጽሕፈት ቤት የገባ ሰው፥ ዱሮ የሒሳብ መዛግብት ይደረደሩበት በነበረው ሥፍራ ሌሊትና ቀን መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል አንድ ጥቍር ሣጥን ተቀምጦ ያያል። የዕቃው ዝርዝር፥ የደንበኞች ዕዳ፥ ከባንክ ጋር የተደረገው መጻጻፍ፥ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ቅጂ ሁሉ ያለው በዚያ ሣጥን ውስጥ ነው። ባለቤቱ ግን ስለ ሣጥኑ ምንነት ቢጠየቅ፥ ብዙውን ጊዜ «እሱን ልጁ ያውቀዋል» የሚል መልስ ይሰጣል። ልጁ የተባለው አልፎ አልፎ እየመጣ መሣሪያዎቹን የሚያይ ባለሙያ ነው። የመጋዘኑን ቍልፍ ለማንም አሳልፎ የማይሰጥ ነጋዴ፥ መዝገቡን በሙሉ ስሙን እንኳ በማያውቀው ነገር ውስጥ አኑሮ መተኛቱ የሚያስገርም ነው።

ስለዚህ ኮምፒዩተሮችን፥ ሰርቨሮችንና በመረብ የተያያዙ መሣሪያዎችን በማስተዳደር ሥራ ዘወትር የሚነገሩትን ቃላት በዚህ እትም ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። አሳባችን ነጋዴውን ባለሙያ ለማድረግ አይደለም። ውል ሲፈርም፥ የዋጋ ማቅረቢያ ሲቀበል፥ ወይም አንድ ቀን ጧት ሥራው ቀጥ ብሎ ሲቆም የሚነገረው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ እንዲያውቅ ነው። ቃላቱ ከሩቅ ሲሰሟቸው እንግዳ ይመስላሉ እንጂ፥ ብዙዎቹ ከንግድና ከመርከብ ሥራ ቃላት ጋር ስለሚመሳሰሉ ለነጋዴ ጆሮ የቀረቡ ናቸው።

ከሰርቨር እንጀምር። ሰርቨር ማለት አገልጋይ ማለት ነው። ሌሎች ኮምፒዩተሮች የሚጠይቁትን ፋይል፥ ዋጋ ወይም ደብዳቤ እያወጣ ይሰጣል፤ ጠያቂው ኮምፒዩተር ደግሞ በባለሙያዎቹ ቋንቋ «ክላየንት»፥ ማለት ደንበኛ ይባላል። በባንኮኒ ፊትና ኋላ እንደ ቆሙ ገዢና ሻጭ አድርጎ ማሰብ ይቻላል። ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ሰርቨር የሚባለው ሣጥኑ ብቻ ሳይሆን በሣጥኑ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራምም ጭምር ነው። በአንድ ሣጥን ውስጥ ብዙ ሰርቨሮች እየራሳቸውን ችለው ሊኖሩ ይችላሉ፤ እነዚህ «ቨርችዋል» ይባላሉ። ስለዚህ በዋጋ ማቅረቢያ ላይ «ሁለት ሰርቨር» ተብሎ ቢጻፍ፥ ሁለት ሣጥን ነው ወይስ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሉ ሁለት ናቸው? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሣጥኑ አንድ ከሆነ እሱ የተቃጠለ ዕለት ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ።

በመረቡ፥ ማለት በኔትወርኩ ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ፥ ኮምፒዩተሩም ማተሚያውም የበሩ ካሜራም ቢሆን፥ አድራሻ ያስፈልገዋል። ይህም አይፒ አድራሻ ይባላል። በብዛት የሚሠራበት ዐይነት በነጥብ የተለያዩ አራት ቍጥሮች ያሉት ሲሆን፥ እያንዳንዱ ቍጥር ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። በ192.168 የሚጀምሩት እንደ ክፍል ቍጥር በቤት ውስጥ ብቻ የሚያገለግሉ ናቸው። አድራሻውን የሚያድለው አሠራር ዲኤችሲፒ የሚባል ሲሆን፥ አድራሻው የሚሰጠው ለዘለቄታ ሳይሆን በኪራይ ነው፤ ባለሙያዎቹ ራሳቸው የሚጠሩት ኪራይ ብለው ነው። የኪራዩ ጊዜ ሲያልቅ ይታደሳል፥ ካልታደሰም ለሌላ መሣሪያ ሊሰጥ ይችላል። ትላንት ደኅና ሲያትም የነበረ ማተሚያ ዛሬ ጧት «አልተገኘም» ከተባለ፥ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል፤ ማተሚያው አልተበላሸም፥ ቤት ለውጧል። በዚህ ጊዜ አዲስ ማተሚያ መግዛት ሳይሆን፥ ለነባሩ የማይለወጥ አድራሻ እንዲያዝለት ማድረግ ይበቃል።

ሰው ቍጥር መያዝ ስለሚያስቸግረው ለቍጥሮቹ ስም ወጣላቸው። በመጀመሪያው ዘመን ስሙንና ቍጥሩን የሚያገናኘው ዝርዝር በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በአንድ ፋይል ይጠበቅ ነበር። መሣሪያዎቹ ሲበዙ ይህ አላዋጣ ስላለ፥ በ1983 እ.ኤ.አ. ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስ የተባለውንና ዝርዝሩ በብዙ ሰርቨሮች ተከፋፍሎ የሚጠበቅበትን አሠራር አወጣ። ይህ የመረብ ስም «ዶሜይን» ይባላል፤ ለኢትዮጵያ የተመደበው መጨረሻ ነጥብ ኢቲ ነው። ዶሜይን ለዘለዓለም የሚገዛ ሳይሆን በየጊዜው እየተከፈለ የሚታደስ ነው። በንግድ ቤቱ ስም ሳይሆን በባለሙያው ስም የተመዘገበ እንደ ሆነ ግን፥ ከባለሙያው ጋር የተለያዩ ዕለት የንግድ ስምዎ በሌላ ሰው እጅ ቀረ ማለት ነው።

ወደብ የሚለውን ቃል ለአስመጪና ለላኪ ማስረዳት ድፍረት ይሆናል። በኮምፒዩተርም ፖርት የሚባለው እንደ ወደብ ሊታሰብ ይችላል። እያንዳንዱ መሣሪያ እስከ 65,535 የሚደርሱ በቍጥር የተለዩ ወደቦች አሉት፤ ለምሳሌ ያህል ምስጢሩ የተጠበቀ ድረ ገጽ በ443፥ የዊንዶውስ ኮምፒዩተርን ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ በ3389 ይስተናገዳል። ፋየርዎል ደግሞ በነዚህ በሮች ላይ እንደ ጉምሩክ ኬላ ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚመረምር ነው። 3389 ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆኖ ከተገኘ፥ ባለሙያው ከቤቱ ሆኖ ለመሥራት እንዲመቸው የተወው ሊሆን ይችላል። ለእሱ የተመቸው መንገድ ለሌባም ይመቻል።

ሎግ የሚለው ቃል ቀጥታ ከመርከብ የመጣ ነው። መርከበኞች ፍጥነታቸውን ለመለካት፥ ቋጠሮ ባለው ገመድ የታሰረ እንጨት ወደ ባሕር ይጥሉ ነበር፤ ልኩ የሚጻፍበት መዝገብም በእንጨቱ ስም ተጠራ። ዛሬ ሎግ ማለት ማን፥ በስንት ሰዓት፥ ከየት ገብቶ ምን እንዳደረገ ሰርቨሩ ራሱ የሚጽፈው መዝገብ ነው። በሌላ ቦታ ካልተገለበጠ ግን ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ሰርቨሩን የሰበረ ሰው መዝገቡንም ሊፍቀው ይችላልና።

የቀሩት አድሚኒስትሬተር፥ ፓች፥ ሪፕሊኬሽንና ባክአፕ የተባሉት ናቸው። እነዚህን በትርጉም ብቻ ከማስረዳት፥ ከዓለም ታላላቅ የመርከብ ድርጅቶች በአንዱ ላይ የደረሰውን መናገር ይሻላል። የሀገራችን የውጭ ንግድ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል በመርከብ የሚመላለስ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ከኛ የራቀ አይደለም።

ማክሰኞ ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2017፥ መቀመጫው በኮፐንሃገን የሆነው የሜርስክ ድርጅት ሠራተኞች ኮምፒዩተሮቻቸው አንድ በአንድ ሲጠቍሩ አዩ። ጥፋቱን ያደረሰው ኖትፔትያ የተባለ ፕሮግራም ነው። የታለመው በዩክሬን ላይ ሲሆን፥ የገባውም በዚያ ሀገር ያሉ ድርጅቶች ለሒሳብና ለግብር ሥራ የሚገለገሉበት ኤም.ኢ.ዶክ የተባለ ፕሮግራም ሲታደስ በእድሳቱ ውስጥ ተሰውሮ ነው። ሜርስክም በኦዴሳ ባለው ጽሕፈት ቤቱ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይህንኑ ፕሮግራም አስጭኖ ነበር። በዚያች አንዲት መሣሪያ በኩል ገብቶ በመላው ድርጅቱ ተሠራጨ።

ለመሠራጨት ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው በዊንዶውስ ውስጥ የነበረ ቀዳዳ ነው። ለእንዲህ ያለው ቀዳዳ ሠሪው የሚያወጣው መጣፊያ ፓች ይባላል፤ ማይክሮሶፍትም የዚህን ቀዳዳ ፓች መጋቢት 5 ቀን፥ ማለት ከሦስት ወር በላይ ቀደም ብሎ አውጥቶ ነበር። ፓች ግን ታትሞ ስለ ወጣ ብቻ አይሠራም፤ በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ መጫን አለበት። ሁለተኛው መንገድ በፓችም የሚዘጋ አልነበረም። አድሚኒስትሬተር ማለት በመሣሪያው ላይ ሁሉን ለማዘዝ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ ነው። ኖትፔትያ በያዘው ኮምፒዩተር ውስጥ የቀሩትን የይለፍ ቃሎች እየለቀመ፥ የአድሚኒስትሬተር ቃል ያገኘ እንደ ሆነ በዚያው ቃል ፓች የተጫነባቸውን ኮምፒዩተሮች ጭምር ይከፍት ነበር። አንድ ቍልፍ የመደብሩን በር፥ የመጋዘኑን በርና የካዝናውን በር የሚከፍት ቢሆን ምን እንደሚደርስ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም፤ በኮምፒዩተር ላይ ግን ብዙ ቤት የሚሠራው እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በትልልቅ መረቦች የሠራተኞቹን ስምና የይለፍ ቃል፥ የማን ፈቃድ እስከ የት እንደሚደርስም የሚጠብቅ ዶሜይን ኮንትሮለር የተባለ ሰርቨር አለ። (እዚህ ላይ ዶሜይን ማለት ከላይ የተናገርነው የመረብ ስም ሳይሆን ድርጅቱ የሚያስተዳድረው ግዛት ነው፤ ባለሙያዎች አንዱን ቃል ለሁለት ነገር ማድረጋቸው ለኛም አልተመቸን።) ሜርስክ በየሀገሩ 150 ያህል ዶሜይን ኮንትሮለሮች ነበሩት። እያንዳንዱም መዝገቡን ከሌሎቹ ጋር ዘወትር ያስተካክል ነበር፤ ይህ ሪፕሊኬሽን ይባላል። አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ አሉ ተብሎ ታሰበ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሊጠፉ እንደሚችሉ ግን አልታሰበም ነበር። የሌሎቹ ሰርቨሮች ከሦስት እስከ ሰባት ቀን የቆየ ባክአፕ ሲገኝ፥ የዶሜይን ኮንትሮለሩ ባክአፕ ታጣ። እሱ ከሌለ ደግሞ የቀረውን ማንሣት አይቻልም ነበር።

የተገኘው በጋና ነው። ጥፋቱ ከመድረሱ በፊት በዚያ መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር፥ አንድ ዶሜይን ኮንትሮለር ከመረቡ ተለይቶ ሳይነካ ቀርቶ ነበር። በኤሌክትሪክ መቋረጥ ስናማርር ለኖርን ለኛ፥ አንድ ጊዜ እንኳ ለጥቅም መዋሉን መስማት ደስ ያሰኛል። መስመሩ ቀጭን ስለ ነበር መዝገቡን ወደ እንግሊዝ አገር ለማስተላለፍ ብዙ ቀን ይፈጅ ነበር፤ የጋና ሠራተኞችም የእንግሊዝ ቪዛ አልነበራቸውም። ስለዚህ አንዱ ሠራተኛ ወደ ናይጄሪያ በርሮ ዲስኩን በአውሮፕላን ጣቢያ ለሌላ ባልደረባው አስረከበ፥ ያም ይዞ ወደ ሎንዶን ሄደ። እስከዚያው ድርጅቱ ያስተዳድራቸው ከነበሩት 76 የወደብ ጣቢያዎች በ17ቱ ሥራ ተሰናክሎ፥ ካሚዮኖች በበር ላይ ተሰልፈው ቆመው፥ ሠራተኞቹ በግል ስልካቸው በዋትስአፕ ትእዛዝ ይቀበሉ ነበር። በጥር 2010 ዓ.ም. የድርጅቱ ሊቀ መንበር ጂም ሃገማን ስናበ በዳቮስ እንደ ተናገሩት፥ 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒዩተሮች በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ተጭነዋል። ድርጅቱ ኪሣራውን ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገምቶታል።

እንግዲህ ሪፕሊኬሽንና ባክአፕ አንድ አይደሉም። ሪፕሊኬሽን እንደ መስተዋት ነው፤ እርስዎ በስሕተት የሰረዙትን ሒሳብ በዚያው ቅጽበት እሱም ይሰርዛል። ሬይድ የሚባለው፥ ሁለት ዲስክ አንድ ነገር እንዲጽፉ የሚያደርገውም አሠራር የዚሁ ወገን ነው፤ ዲስክ ሲሰበር ያድናል፥ ሰው ሲሳሳት ወይም ሌባ ሲገባ አያድንም። ባክአፕ ማለት ግን ያለፈው ቀን መዝገብ እንዳለ ተገልብጦ፥ ከመረቡ ተለይቶ የተቀመጠ ቅጂ ነው። ባለሙያዎች ሦስት ቅጂ ይኑር፥ በሁለት ዐይነት መሣሪያ ላይ ይሁን፥ አንዱም ከቤት ውጭ ይቀመጥ ይላሉ። ቅጂውን መልሶ ወደ ሥራ ማስገባት ሪስቶር ይባላል፤ ሪስቶር ተደርጎ ያልተፈተነ ባክአፕ ደግሞ ያልተቈጠረ ዕቃ ማለት ነው፤ በደረሰኙ ላይ አለ፥ በመጋዘን መኖሩን ያየ የለም።

በውል ውስጥ ስለሚገባው የመቶኛ ቍጥርም ጥቂት እንበል። «99 በመቶ ያለማቋረጥ» የሚለው ሲያነቡት ያማረ ነው፤ ነገር ግን በዓመት 3 ቀን ከ15 ሰዓት ተኩል ቢቋረጥ ውሉ አልፈረሰም ማለት ነው። 99.9 በመቶ ከሆነ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል፥ 99.99 በመቶ ከሆነ 52 ደቂቃ ያህል ነው። ለጥገና የሚዘጋበት ጊዜ በዚህ ውስጥ ይቈጠራል ወይስ አይቈጠርም የሚለውም በጽሑፍ መገለጽ አለበት።

ከባለሙያው ጋር በሚገናኙበት ቀን የአድሚኒስትሬተሩ የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ በካዝናዎ እንዲቀመጥ፥ ዶሜይኑም በንግድ ቤቱ ስም መመዝገቡን የሚያሳይ ወረቀት እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ከዚያም ካለፈው ወር አንድ የሽያጭ ደረሰኝ ቍጥር መርጠው፥ እሱን ከባክአፕ አውጥቶ እፊትዎ እንዲያሳይዎ ያድርጉ፤ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀበትም ይመዝግቡ።